ከሎቤዱ ኋላ

ዛሬ ጠዋት ከየካ አባዶ ወደ መገናኛ ስንመጣ፣ በሸራ የተጠቀለለ ረጅም ቱቦ በታክሲያችን የፊት መስታወት ላይ አነጣጥሮብን ነበር።

ከፊታችን ያለው ሎቤድ፣ ከባድ ማሽን የሚያጓጉዘው ዝቅ ያለ ተሳቢ፣ የጫነው ነው። "ኤክስካቫተር ይሆናል" አልኩ። (ግንባታ ሲያይ የሚውል የኮንዶሚኒየም ሰው ሌላ ምን ያስባል?)

አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት "ታንክ ነው ልጄ፣ እኔም ታንከኛ ነበርኩ" አሉ። "ሲጓጓዝ መድፉ ወደ ኋላ ዞሮ ይታሰራል። የዛሬዎቹማ ጉድጓድ ለጉድጓድ እየዘለሉ እንኳ መድፋቸው ከዒላማው ንቅንቅ አይልም።"

"ወዴት እየሄደ ይሆን አባባ?"

"እኛም ስንጫን አይነገረንም ነበር።"

ሹፌራችን ወትሮ ሌላ መኪና እንዳይገባበት ከፊተኛው ጋር ተጣብቆ ነው የሚነዳው። ዛሬ ግን ሦስት መኪና የሚያስገባ ክፍተት ተወ። ማንም አልገባበትም።

አዛውንቱ ዓይናቸውን ከመድፉ ሳይነቅሉ፣ ገና መገናኛ ሳንደርስ "ወራጅ አለ" አሉ።

በእናንተ መንገድስ ዛሬ ምን ተሸፍኖ አለፈ?