እትዬ ያገኘችው ስሕተት

መሥሪያ ቤቱ «ወይዘሪት ኮቦል» ይላታል። የውሃ ክፍያ መሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ሲያስገባ፣ ኮቦል የሚባለውን የማሽኑን ቋንቋ እንዲማሩ ከተመረጡት መካከል ሴት እሷ ብቻ ነበረች። ወንዶቹ ገና ሲንተባተቡ እሷ ታንበለብለው ጀመር።

ለዚህ ያበቃቻት «እትዬ» የምትላት ታላቅ እህቷ ናት። እናታቸው ከሞተች ወዲህ፣ እዚያው መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ባለው የሒሳብ ክፍል መደመሪያ ማሽን እየቀጠቀጠች አስተማረቻት። ባል አላገባችም። ሰው ሲጠይቃት «ይቺን አግብቼ የለ!» እያለች ትስቃለች።

አንድ ቀን አለቃው ወይዘሪት ኮቦልን ጠርቶ የደንበኞችን ሒሳብ የሚያሰላ ፕሮግራም እንድትጽፍ አዘዛት። ፕሮግራሙ ከሠራ የሒሳብ ክፍሉ ይዘጋል፣ እትዬም ትሰናበታለች። አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም፤ እንዳልገባት ሆና ጻፈችው። እንዲያውም ደስ እያላት ነበር የምትጽፈው። ውስጥ ውስጡን የሚበላትም ያ ደስታዋ ነው፤ ለብቻዋ ስትሆን ራሷን «የበላሽበትን ወጪት ሰባሪ» ትላታለች።

አዲስ ፕሮግራም ዝም ብሎ አይታመንም። ለጥቂት ወራት ኮምፒዩተሩም የሒሳብ ክፍሉም ያንኑ ሒሳብ ለየብቻ ይሠሩና ይመሳከራል፤ ሰዎቹን መቃብራችሁን ራሳችሁ ቆፍሩ እንደማለት ነው። ስሕተት ከተገኘ ፕሮግራሙ ውድቅ ይሆናል፣ ክፍሉም ይቀጥላል። አመሳካሪዋ ደግሞ እትዬ ሆነች።

በመጨረሻው ወር፣ ሁሉም ለምሳ ሲወጣ፣ እትዬ ሹራቧን ደርባ ወደዚያ ቀዝቃዛ የኮምፒዩተር ክፍል ገባች።

«ቆጣሪያቸው ሞልቶ እንደገና ከዜሮ የጀመረባቸው ደንበኞች አሉ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ማሽንሽ ባሕር ሙሉ ውሃ የጠጡ አስመስሏቸዋል።»

ወይዘሪት ኮቦል ክው አለች። የዚህ ወር ንባብ ካለፈው ወር ሊያንስ እንደሚችል ጨርሶ አላሰበችበትም። ቆጣሪ አይታ የማታውቅ ይመስል!

«ለአለቃው ነገርሽው?»

«አበድኩ እንዴ? እሱ ሳያይ አስተካክይው ብዬ ነው የመጣሁት።»

«እትዬ፣ ካስተካከልኩት እኮ አንቺ…»

«አውቃለሁ። ምሳ በልተሻል?»

«ሂጂ ንገሪው፣ እኔ ይቅርብኝ» ልትላት አፏን ከፈተች። አልወጣላትም። እትዬ ትከሻዋን ቸብ አድርጋት ወጣች፤ እሷም ተቀምጣ አስተካከለችው።

ክፍሉ ሲዘጋ በአዳራሹ ስብሰባ ተደረገ። አለቃው ወይዘሪት ኮቦልን ከፊት አስቁሞ «አንድም ስሕተት ያልተገኘበት ፕሮግራም!» ሲል፣ ከሁሉ ቀድማ ያጨበጨበችው እትዬ ነበረች።