ዓይኔ የሄደበት ቆጥ

ሰው ሲያናግረኝ መሬት መሬት አያለሁ። ቤተ ክርስቲያን ያሉት ሴቶች ጨዋ ናት ይሉኛል። የልጄ ልጅ ደግሞ «እማማ፣ ምን ጠፋብሽ?» እያለች ትስቅብኛለች። ምን እንደ ጠፋብኝ ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ባለፈው የበረዶ ወራት ግን ምድር ቤት ውስጥ፣ የውሃ ጠርሙስ ታቅፌ ቆሜ ተናገርኩት።

የምኖረው በፈረንጅ አገር፣ ሃውገንስቱዋ በሚባል ሰፈር፣ ከልጄና ከሚስቱ፣ ከአንዲት ልጃቸውም ጋር ነው። ልጄ አውቶቡስ ይነዳል። ሚስቱ አረጋውያን ቤት ትሠራለች፤ ስትገባም ስትወጣም ደክሟት ነው። እኔ እዞራለሁ። የአውቶቡስ ካርዴን ይዤ ወጥቼ፣ እግሬ ካደረሰኝ በእግሬ፣ ካላደረሰኝ በአውቶቡስ እስከ ሊንደሩድ እሄዳለሁ። ገበያ አዳራሹ ውስጥ ወንበር አለ፤ እዚያ ቁጭ ብዬ ሰው አይቼ እመለሳለሁ። ምንም አልገዛም። ልጄ «እማዬ ጥበቃ ተቀጥራለች» ይላል።

አንድ ቀን ከዙረቴ ስገባ አባትና ልጅ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ስልኳ መሃላቸው ነው።

«እማማ፣ ሴሽን ተጠራሁ» አለችኝ።

ሴሽን የሚሉት ወታደር ቤት ወጣቱን የሚመረምርበትን ቀን ነው። እዚህ አገር ወንዱም ሴቷም ይጠየቃል፤ ሁሉ ግን አይወሰድም። ጤናውንም ጉልበቱንም ፍላጎቱንም አይተው ነው የሚመርጡ።

«ስለ ጠሩሽ ነው ወይስ ስለ ፈለግሽ?»

«ያ፣ አዎ፣ ፈልጌ ነው!» አለችና ወንበሯን ወደኔ አዞረች። መጀመሪያ አንድ ዓመት ታገለግላለች። ከዚያ ለወታደሮቹ የምህንድስና ትምህርት ቤት ትወዳደራለች። «ትምህርቱም አልጋውም ምግቡም ከነሱ ነው። ብድር የለም፣ እማማ። ፓፓም ለኔ የቤት ኪራይ ብሎ እሁድ እሁድ አይነዳም።»

«እንዲህ ያለ ደግ ወታደር ቤት አለ እንዴ?»

«ናይ፣ አይ፣ ደግነት አይደለም። ስጨርስ የተወሰነ ዓመት እሠራላቸዋለሁ።»

«ብድሩ እሱ ነዋ» አልኳት።

ልጄ ሳቀ። «እማዬ፣ ተይ እንጂ። አስባበታለች። እኔ አብሬያት ነኝ።» አፉ ይስቃል፤ ጣቱ ግን የዳቦ ፍርፋሪ እያድበለበለ ነበር። ሕፃን ሆኖ ሲፈራም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው።

አብሬያት ነኝ እንዳለ አብሯት ሆነ። ከሥራ ሲመለስ ልብሱን ቀይሮ በዚያ ብርድ ከሷ ጋር ዳገት ለዳገት ይሮጣል። እኔ ከመስኮት አያቸዋለሁ። እሷ ሽቅብ እንደ ሚዳቋ ናት፤ እሱ ቦርጩን ይዞ ከኋላ። «ፓፓ፣ አውቶቡሱ አመለጠህ!» ስትለው እስከ እኛ ፎቅ ይሰማል። እኔም ድርሻዬን ያዝኩ። ጠዋት ጠዋት በሶ በጥብጬ ማር ጨምሬ አጠጣታለሁ። የጥንት ዘማች ስንቅ ነው ብዬ ነግሬያት፣ ለጓደኞቿ «የእማማ ፕሮቲን» እያለች ታወራለች። ሲያሾፉባት ደስ ይላታል።

ደስታው ውስጥ ግን አንድ ነገር ነበረ። በዚያው ሰሞን ለየቤቱ አንድ ወረቀት በፖስታ ሣጥን መጣ፤ ልጅቱ ቃል በቃል ተረጎመችልኝ። ለአንድ ሳምንት የሚበቃ ውሃ፣ የማይበላሽ ምግብ፣ ሻማና ባትሪ አስቀምጡ ይላል። «ለምን?» ስላት ትከሻዋን ነቀነቀች። «ምናልባት አንድ ነገር ቢመጣ።» ምን እንደሚመጣ ወረቀቱ አልጻፈውም። በዚሁ ሰሞን እኩለ ቀን ላይ የሰፈሩ የአደጋ ሳይረን ጮኸ። በዓመት ሁለቴ ለልምምድ ያስጮሁታል፤ ለምጄው ነበር። ያን ቀን ግን ከወንበሬ ተነሥቼ ግድግዳ ሥር ቆሜ ራሴን አገኘሁት።

እሁድ ከሰዓት ልጄ «እማዬ፣ ውሃውን ምድር ቤት እናውርደው፤ አግዢኝ» አለኝ። ገረመኝ። የሰባ ዓመት አሮጊት ምን ታግዘዋለች? ቢሆንም ወረድኩ። ምድር ቤት ለየቤቱ አንዳንድ የዕቃ ክፍል አለ። ከዚያ አለፍ ሲል ደግሞ የክንድ ውፍረት ያለው የብረት በር ይገኛል፤ ጦርነት ቢመጣ ሰው የሚሸሸግበት ነው አሉ። አሁን ብስክሌት ነው የሞላው። ልጄ ጠርሙሶቹን ደረደረ፤ አንዷን እኔ አቀፍኩለት። ሲጨርስ አልወጣም።

«እማዬ፣ ያን ጊዜ ብብቴ ሥር ያደረግሽውን ታስታውሻለሽ?»

ውሃው ክንዴ ላይ ከበደኝ።

«ልጄ፣ ሰው ይረሳዋል?»

«እሷ ደግሞ ነጭ ሽንኩርት አትታቀፍልሽም። ግን በሶውን ካንቺ እጅ ትጠጣለች። ለሆድ ድርቀት የምትጠጪው ሰናመኪ መሳቢያሽ ውስጥ አለ አይደል? ትንሽ ብቻ። ሆዷን ላንድ ቀን ከያዛት መሮጥ አትችልም፤ ካልሮጠች ይጥሏታል።» ፊቱን ወደ ጠርሙሶቹ አድርጎ ነበር የሚያወራው። «እኔ አትሂጂ ብላት እስከ ዕለተ ሞቴ አትምረኝም። የጎረቤት አገሩን ጦርነት ታያለሽ። ወደዚያው ወደ ሰሜን፣ ድንበሩ ጋ ነው የሚልኳቸው።»

«ትምህርቱስ?»

«እኔ እነዳለሁ። ቅዳሜም እነዳለሁ። ደግሞ እንደኛ አገር አይደለም እማዬ፤ እዚህ ማንም በሷ ምትክ ተጎትቶ አይሄድም። እሷ ብትቀር በደስታ የሚገባ ስንት አለ!»

በሷ ምትክ አለ። ያቺን ቃል ባይላት ኖሮ ምናልባት እሺ እለው ነበር። እውነቱን ልጻፍ፤ እሺ ልለው አፌን ከፍቼ ነበር።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ፣ ቀበሌው ማታ ማታ በሚያስተምረው መሠረተ ትምህርት ነው። ከደብተሬ ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ታች ያነበብኩት ጽሑፍ ቀበሌው በር ላይ የተለጠፈ ዝርዝር ነበር። ማንበቤን ለማየት ብዬ ነው የቆምኩት። ጣቴን መስመር ለመስመር ሳስኬድ የልጄ ስም ላይ ደረስኩ። ብሔራዊ ውትድርና ነበር። በዚያን ጊዜ የሚሄደውን እናውቀዋለን፤ የሚመለሰውን ነበር የማናውቀው።

ትኩሳት እንዲይዘው ነጭ ሽንኩርት ልጬ በሁለቱም ብብቱ አስታቅፌ አሳደርኩት። ሲነጋ ሰውነቱ ይፋጃል። የቀበሌው ሰው መጥቶ ግንባሩን ዳሰሰና ተናደደ።

«ይሄ መንገድ ላይ ይሞትብኛል። እኔ ግን አንድ ጎደለብኝ። ምትኩን ንገሪኝ፤ አለዚያ ከነትኩሳቱ ነው የምጭነው።»

«እኔ ምን አውቃለሁ ጌታዬ?»

«እናንተ ሴቶች አታውቁም? ማን የት እንደ ተሸሸገ ከናንተ በላይ የሚያውቅ የለም።»

እኔ አልተናገርኩም። ከአፌ አንዲት ቃል አልወጣችም። ዓይኔ ግን በመስኮቱ ወጥቶ ሄደ። የጎረቤቴ ልጅ፣ ያላት አንድ እሱ ብቻ፣ ማድ ቤታቸው ቆጥ ላይ ከማገዶው ጀርባ ከተደበቀ አራተኛ ቀኑ ነበር። እናቱ ገበያ ስትውል ውሃ የማቀብለው እኔ ነኝ። ዓይኔ ቆጡ ላይ ሄዶ አረፈ። ሰውየው ዓይኔን በዓይኑ ሲከተል አይቼ መለስኩት፤ ግን ከረፈደ በኋላ።

ሲያወርዱት አልጮኸም። ወደኔ መስኮት ቀና አለ፣ ሄደ፣ አልተመለሰም።

ማምሻውን እናቱ አጥሚት ይዛ መጣች፤ ልጅሽ ታሟል ሲሉ ሰማሁ ብላ። ለልጄ አጠጣችውና ራሷን ጭኔ ላይ ጥላ አለቀሰች። «ማን ጠቆመብኝ እህቴ? ማን?» አለችኝ። «እግዜር ያውቃል» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ነው መሬት መሬት ማየት የጀመርኩት። ዓይኔን አላምነውም።

ይህን ሁሉ ጠርሙሱን እንዳቀፍኩ ለልጄ ነገርኩት። ልጄ ነጭ ሽንኩርቱን ያውቃል፤ አጥሚቱንም ያስታውሳል። ቆጡን ግን አያውቅም ነበር። መብራቱ ራሱን በራሱ የሚያጠፋ ነውና ሁለቴ ጠፋብን፤ ሁለቴ እጁን አንሥቶ አበራው።

«ኳስ በግራ እግሩ ነበር የሚመታው» አለ ስጨርስ።

ጠርሙሱን ከክንዴ ወስዶ ቦታው አስቀመጠና ደረጃውን ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «እማዬ» ብሎ አልጠራኝም። ሰላምታ አልከለከለኝም፤ ስሜን ነበር የተወው።

የሴሽኑ ጠዋት ማንም ሳይነሣ ወጥ ቤት ገባሁ። መሳቢያውን ከፈትኩ፤ ዘጋሁት። እንደገና ከፈትኩት። ቅጠሉን ጠረጴዛው ላይ አውጥቼ አየሁት። ትንሽ ነገር ነው። ላንድ ቀን ቁርጠት ነው፤ ማንም አይሞትበትም። ያን ጊዜም ያደረግሁት ትንሽ ነገር ነበር፤ አንዴ ማየት ብቻ። ሰናመኪውን ከነወረቀቱ ቆሻሻ ውስጥ ከተትኩና በሶውን በጠበጥኩ።

ልጅቱ ጫማዋን እያሰረች መጣች። ከኋላዋ አባቷ የመኪናውን ቁልፍ ይዞ በሩ ላይ ቆመ፤ ሊያደርሳት ፈቃድ ወስዶ ነበር። ዓይኑ እጄ ላይ ነው። በአገራችን መጠጥ የሚያሳልፍ ሰው መጀመሪያ መዳፉ ላይ አንቆርቁሮ ይቀምሳል፤ ያኔ ነው ተቀባዩ የሚጠጣው። በሶ ላይ አይደረግም። እኔ ግን መዳፌ ላይ አፈሰስኩና ልጄ እያየኝ ጠጣሁት። ደግሜ አፍስሼ ጠጣሁ።

«እማማ፣ ምንድን ነው? ልትጨርሽብኝ ነው?» አለችና ቀምታኝ እስከ ታች ጨለጠችው።

ልጄን ቀና ብዬ አየሁት። ፊቱ ላይ ያረፈው እፎይታ ይሁን ሐዘን አልለየሁትም። የሁለቱም መሰለኝ።

ከሰዓት ጉንጯ በርበሬ መስሎ ተመለሰች። አብረዋት ከተጠሩት ልጆች ሁሉ ቀድማ ነው የሮጠችው። ከሳምንታት በኋላ ደብዳቤው ስልኳ ላይ መጣ፤ አጠገቤ ተቀምጣ አሳየችኝ። የፈረንጁን ፊደል ከሱቅ ሰሌዳ ነው የለቀምኩት፤ ብዙ አልችልም። ስሟን ግን ለየሁት። ጣቴን አስኬድኩ፤ ደረስኩበት። በዕድሜዬ ሁለተኛ ጊዜ ከቤቴ የወጣ ልጅ ስም ለውትድርና በተጻፈ ወረቀት ላይ አነበብኩ።

«ወዴት ነው የሚሉ?»

«ሰሜን። ድንበሩ ጋ።» እየሳቀች ነው። «ብርድ ብቻ ነው ያለው፣ እማማ።»

አባቷ ሰምቶ ተነሣና አቀፋት። «ጎበዝ የኔ ልጅ» አላት። ከዚያ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ «እማዬ፣ ነይ እቀፊያት እንጂ» አለኝ። በዚህ ታረቅን። ይቅር ብሎኝ ይሁን ብቻውን መሸከም አቅቶት፣ አልጠየቅሁትም።

የሄደችው በበጋው፣ በረዶው ሁሉ ቀልጦ ሣሩ ሲያምር ነው። ሻንጣዋ ውስጥ ሁለት ከረጢት በሶ ሸጎጥኩ። ያን ጊዜ ቆጥ ላይ ለነበረው ለጎረቤቴ ልጅ ውሃ ብቻ ነበር ያቀበልኩት። በሩ ላይ ስንሰነባበት እንደ ልማዴ ጫማዋን እያየሁ መረቅኋት።

«እማማ፣ ናይ፣ እንዲህ አይሆንም» አለችኝ። አገጬን በሁለት ጣቷ ይዛ ቀና አደረገችኝ። «ጫማዬ አይደለም የሚሄደው። እኔን እዪኝ።»

ይህን ያህል ዓመት ይህን ዓይን በሰው ልጅ ላይ ማሳረፍ ፈርቼ ኖሬያለሁ። አየኋት። ግንባሯን፣ ቅንድቧን፣ ከአባቷ የወሰደችውን አፍንጫ አየሁ። ጠግቤ ሳይሆን ፈርቼ ዓይኔን መለስኩት።

ወጣች። አባቷ ሻንጣዋን ይዞ ተከተላት። መስኮቱ ጋ ደርሼ መጋረጃውን ያዝኩ፤ አልገለጥኩትም። ታች የመኪናው በር ሲዘጋ ሰማሁ። ዓይኔ በመስኮቱ ወጥቶ እንዳይከተላት በመዳፌ ከደንኩት።