አንድ ስልክ ለአንድ ግቢ

ድረ ገጽ ሰውን በያዘው ስልክ ይለይ ወይስ አይለይ እያሉ ሬዲዮ ላይ ሲከራከሩ ስሰማ ደሜ ይፈላል። ሰው ሁሉ የየራሱን ስልክ ታቅፎ የሚተኛበት አገር ጭቅጭቅ ነው። ሸዋ ሮቢት፣ እኛ ግቢ፣ ደህና ስልክ የነበረኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። የእኔ ነው ማለት ደግሞ የሁሉም ነው። ጎረቤት ይደውልበታል፣ እናቴ ጅዳ ካለችው እህቴ ጋር ታወራበታለች፣ አብራን የምትኖረው አክስቴ ከዙህር ሶላት በኋላ «እስቲ መንዙማ ልስማ» ብላ ወደ ጓሮ ይዛው ትሄዳለች። እምቢ ያለ ንፉግ ይባላል።

አንድ ሰሞን ቪዲዮ በከፈትኩ ቁጥር የጡት እብጠት፣ የጡት ካንሰር ምልክት ይደረደርብኝ ጀመር። ስሜን አልሰጠሁ፣ አልተመዘገብኩ። ቪዲዮ የማይበት ድረ ገጽ ስልኬን ብቻ ለይቶ፣ በእሱ የተፈለገውን እየተከተለ «ለእርስዎ የተመረጠ» ይለኛል። እኔ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። እናቴ ግን አንድ ቀን አየችውና ቀለሟ ጠፋ።

«ታመሽ ደብቀሽኛል!»

ብምል ብገዘት ማን ይስማኝ?

«ስልኩ ምን አግኝቶ ይዋሽብሻል?» አለችኝ።

ሮቢት ብታከም ወሬው ከእኛ ቀድሞ ቤት ስለሚገባ ደብረ ሲና ወጣን። አክስቴ «እኔ ካልሄድኩ» ብላ ድርቅ አለች። ሚኒባሱ ዳገቱን ሲወጣ እጄን ይዛ ነበር፤ ለእኔ የተጨነቀች መስሎኝ አንጀቴን በላችው።

ሐኪሟ በደንብ መርምራ ምንም እንደሌለብኝ ነገረችን። እናቴ «አልሐምዱሊላህ!» ብላ ብድግ አለች። አክስቴ ግን ከወንበሯ አልተነሳችም።

«እንዲያው ዶክተር፣ ጠጠር ብጤ ሆኖ የማያም ከሆነስ? ካላመመ ደግ ነው ማለት ነው?»

«አይጨነቁ እናቴ፣ ልጅቷ ጤነኛ ናት» አለቻት ሐኪሟ እየሳቀች።

«እሺ» አለች አክስቴ። ሻሿን አስተካክላ ተከተለችን።

እናቴ ፍየል አሳርዳ ሰደቃ አወጣች። ሼሁ ለጤንነቴ ዱዓ አደረጉ፣ አክስቴም ሥጋውን ስትከትፍ ዋለች። ያ ሁሉ ደስታ ከተደረገ በኋላ «የታመምኩትስ እኔ ነኝ» እንዴት ትበል? ከዚያ ወዲህ ስልኬን ጠይቃኝ አታውቅም። ቪዲዮዎቹም ቀስ በቀስ ጠፉ፤ እናቴ ይህንንም የዱዓው በረከት ነው አለች።

ማሽላ ሲታጨድ አክስቴ ማሳው ላይ ራሷን ስታ ወደቀች። አየር እንድታገኝ ብላ ልብሷን የፈታችው እናቴ ናት። ጡቷ ቆስሎ፣ በጨርቅ ጠፍራ አስራው ነበር።

ያችው የደብረ ሲና ሐኪም አየቻት። እኛን ወደ ኮሪደር አውጥታ፣ በቁጣ፣ «ለምን ቀደም ብላችሁ አላመጣችኋትም?» አለችን።

እኔ መለስኩላት።

«አምጥተናት ነበር።»