ከደቻቱ ዳር ያለው የወተት ቤት

ዐስሊ የድሬዳዋን ወንዝ ደቻቱን አብልጣ የምትፈራው ደርቆ አሸዋ ብቻ ሲሆን ነው። ያኔ ሰው ይዘናጋል። የዘጠና ስምንቱ ጎርፍ ታላቅ እህቷን ሲወስድባት ገና ልጅ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ በድልድይ እንጂ በአሸዋው ተሻግራ አታውቅም። ቀፊራ ገበያ ለመሄድ ሌላው በአቋራጭ ወርዶ ሲወጣ እሷ ዙሪያውን ትዞራለች።

እንዲህ የምትፈራ ሴት የወተት ቤቷን ወንዙ አፋፍ ላይ መክፈቷ ለሰሚው ይገርማል። ምርጫው ግን የብቻዋ አልነበረም። ከቢዮ አዋሌ በኩል የግመል ወተት ይዘው የሚመጡት ሴቶች ያልተሸጠላቸውን ሲደፉ እያየች አንጀቷ ይቃጠል ነበር፤ የድሬ ሙቀት ወተት አያሳድርም። ፍሪጅ ገዝታ፣ ወተቱን ተረክባ፣ አቀዝቅዛ ልትሸጥላቸው አሰበች። ሴቶቹ ግን እምቢ አሉ። ከመካከላቸው በዕድሜ የምትበልጠው ሳሕራ ነገሩን ቁርጥ አድርጋ ነገረቻት።

«የኔ ወተት የራሱ ደንበኛ አለው። ደንበኛዬ የማንን ወተት እንደሚጠጣ ሳያውቅ አይጠጣም። አትግዢን፤ አሳድሪልን።»

ስለዚህ ዐስሊ ነጋዴነቱን ትታ የሰው ወተት አሳዳሪ ሆነች። እያንዳንዷ ሴት ጀሪካኗ ላይ የምታውቀውን ጨርቅ አስራ ትሰጣታለች፤ ዐስሊ ለድካሟ ከየጀሪካኑ አንዳንድ ጣሳ ትቀዳለች፤ እሱን ሸጣ ትተዳደራለች። መንገዳችን አሸዋው ነውና ከአሸዋው የራቀ ቤት አይሆነንም ያሉትም እነሱው ናቸው። የባቡር ሠራተኛ ባላቸው የሞቱባቸው እትዬ የሺመቤት ከግቢያቸው አንዲት ክፍል ሰጧት። ጎርፍ የገባበት ሰፈር ስለሆነ ሌላ ተከራይ ሽቶት አያውቅም።

ክረምት ሲገባ ዐስሊ እንቅልፍ አይወስዳትም። ድሬ ላይ ፀሐይ እያቃጠለች ደንገጎ ተራራ ላይ ሊዘንብ ይችላል፤ ጎርፉ የሚመጣው ደግሞ ከዚያ ነው።

ባለፈው ነሐሴ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በር ላይ ቆማ ሽቅብ ብታይ ተራራው የለም። በቦታው ጥቁር ነገር ተጋድሟል።

«እትዬ፣ ተራራው አይታይም» አለች።

«ጉም ይሆናል ልጄ» አሉ እትዬ የሺመቤት። ግን ወንበራቸውን ከደጅ ወደ ውስጥ ሳቡ።

ወዲያው ስልኳ ጮኸ። የሳሕራ ልጅ ኢልሃን ናት፤ የምትደውለው ከላይ ከመንደራቸው ነው።

«አባዮ ዐስሊ፣ እዚህ ወንዙ ሞልቶ ድንጋይ እያንከባለለ ነው። እናቴ ደረሰችልሽ?»

«አልደረሰችም።»

«ከወጣች ቆይታለች። ስልክም አልያዘችም።»

ዐስሊ ወደ አፋፉ ሮጠች። ሳሕራ ጀሪካኗን አዝላ፣ አንገቷን ደፍታ፣ አሸዋው መሃል ቀስ እያለች ትመጣለች። «ኤዶ ሳሕራ! ውጪ! ጎርፍ!» ብላ ጮኸች። ሳሕራ ሰላም ያለቻት መስሏት እጇን አነሳችላት።

ከበላያቸው ያለው ሰማይ ጥርት ብሏል፤ ነፋሱ ግን የእርጥብ አፈር ሽታ ይዞ መጣ። አሸዋው ላይ ሲለቃቅሙ የነበሩ ፍየሎች ማንም ሳይነዳቸው ዳገቱን ያዙ። ፍየሎቹ ሲሸሹ ስታይ ጎርፍ የወሰዳት እህቷ ትዝ አለቻት። እንዴት እንደወረደች አታስታውስም። እግሯ አሸዋው ውስጥ ሲሰምጥ ብቻ ነው ያወቀችው።

ክንዷን ስትይዛት ሳሕራ ተቆጣች። «ተዪኝ፣ ወተቱ ይደፋል። ግማሹ የጎረቤቴ አደራ ነው።»

ዐስሊ ገመዱን ከሳሕራ ትከሻ አውልቃ ጀሪካኑን ጣለችው። ያኔ መሬቱ ከእግራቸው ሥር ተንቀጠቀጠ፤ ሳሕራም የውሃውን ድምፅ ሰማች። እየተጎታተቱ አፋፉን ሲወጡ ውሃው ዛፍ አዝሎ፣ ቆርቆሮ አዝሎ ከኋላቸው አለፈ። ጀሪካኑ አንዴ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ሁለቱም መሬት ላይ ተቀመጡ።

ውሃው የወተት ቤቱን በር ገፍቶ ገባ፣ ፍሪጁን ጣለው። እትዬ የሺመቤትን ጎረቤት አዝሎ አወጣቸው።

በማግስቱ ዐስሊ ጭቃውን እየዛቀች «በቃኝ፤ እዘጋዋለሁ» አለች።

ሳሕራ አጠገቧ ትዝቅ ነበር። «ብትዘጊው እኛስ ወዴት እንሂድ? ቤቱን ከፍ ወዳለ ቦታ እንውሰደው። ዳገቱን እኛ እንወጣለን።»

ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሱቅ ያለው ኦብሲዬ የኋላ ክፍሉን ሊለቅ ተስማማ። አንድ ነገር ግን ጠየቀ። እህቶቹ የሚኖሩት ወንዙ ዳር ነውና፣ ጎርፍ ሲመጣ ከላይ የሚደወለው ስልክ ለወተት ሴቶች ብቻ አይቅር፣ ለሰፈሩም ይድረስ አለ። ሴቶቹ ተስማሙ። አሁን ከላይ ደመና ያየች ሁሉ ለዐስሊ ትደውላለች፤ ዐስሊም ወተቱን ትታ፣ ከእትዬ የሺመቤት ጀምራ ቤት ለቤት ታንኳኳለች።

ፍርሃቷ አልቀነሰም። ጎርፉ ሳይመጣ የሚቀርበት ቀን ብዙ ነው፤ አንዳንዱም «ያን ዕለትም መጣ ብለሽን ቀርቷል፣ ወላሂ አልወጣም» ይላታል።

አትከራከረውም። እስኪወጣ ድረስ ዓይኗን ከተራራው ሳትነቅል የሰውየው በር ላይ ትቆማለች።