አልነሳ ያለው ሰርቨርና ሌባ ያልኩት ሰው

ያን ሰርቨር ሦስት ቀን ሙሉ ሳበራና ሳጠፋ ከረምኩ። ካርቱም፣ ሪያድ በሚባለው ሠፈር ባለ አንድ ክሊኒክ ጓሮ ክፍል ውስጥ ቁጭ ማለት አቅቶኝ እንጎራደዳለሁ። ማራገቢያው ይጮሃል፣ ስክሪኑ ለአፍታ ይበራል፣ ከዚያ «የሚነሳ ሲስተም አልተገኘም» ብሎ ወደ መጀመሪያው ሰማያዊ ገጽ ይመልሰኛል። ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም መጫን እንጀራዬ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ የምሠራውን ሥራ ይህ ግዑዝ ሲከለክለኝ ደሜ ፈላ።

ዕቃውን የገዛሁት ሳጃና ሠፈር ውስጥ አሮጌ ኮምፒውተር ከሚነግድ ሐበሻ ነው። ማሽኑ ከዱባይ የመጣ ነው፤ እንደሱ ያለ ካርቱም ውስጥ አይቼ አላውቅም። እናቴ ወደዚህ አገር ስትመጣ ዋስ ሆኖ ቤት ያስከራያት ይኸው ነጋዴ ነው፤ ጋሼ እያልኩት ነው ያደግሁት። ደረሰኝ አይሰጥም። ሠፈሩ የሚገዛው በቃሉ ነው፤ ቃሉ ከረከሰ ሱቁን ቢዘጋው ይሻለዋል።

ሜሞሪውን ቀየርኩ። ዲስኩን ነቅዬ ሌላ ሰካሁ። የቅንብሩን ገጽ እየከፈትኩ ያላጠፋሁት፣ ያላበራሁት ነገር የለም። ሊኑክሱን የምጭንበትን ፍላሼን ግን አልጠረጠርኩም። ኢንተርኔቱ ስለሚንቀረፈፍ የሙያው ሰዎች ማናችንም ሊኑክስ ከምንጩ አናወርድም፤ አንዱ ያወረደውን ሌላው ይገለብጣል፣ ያው ፋይል ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይኖራል። የእኔም እንደዚያው የተገለበጠ ነበር፣ አሳፍሮኝም አያውቅም። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን ጥፋተኛው ሻጩ ነው ብዬ ፈረድኩ።

ካፌ ውስጥ ከወዳጆቹ ጋር ካርታ ሲጫወት አገኘሁት። ሱዳኖቹም እንዲሰሙ ብዬ በዓረብኛ «ሐራሚ! ሌባ!» አልኩት። የሞተ ዕቃ እንደሸጠልኝ እየጮህኩ ተናገርኩ። ጨዋታው ቆመ። እሱ ድምፁን ሳያነሳ «ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ ዕቃውን አምጣው፤ ገንዘብህን እመልሳለሁ» አለኝ።

በማግስቱ ከማሸጌ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ አበራሁት። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ያን ሰማያዊ ገጽ ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። የመጀመሪያው መስመር ላይ የፕሮሰሰሩ ዓይነት ተጽፏል፦ አርም። ሞባይል ስልክ ውስጥ ያለው ዓይነት ማለት ነው። የእኔ ፍላሽ ደግሞ ለተለመደው ኮምፒውተር የተዘጋጀ ነው፤ ይህ ማሽን ሊያነበው አይችልም። ለአርም የተሠራውን ሳወርድ ቀኑ አለቀ። ስሰካው በመጀመሪያው ሙከራ ተነሳ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ካፌው ውስጥ የጮህኩት ትዝ አለኝ።

በነጋታው ሱቁ ሄጄ፣ ማንም ሳይኖር፣ «ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኩት።

«ማዓሌሽ፣ ይቅር ብያለሁ» አለ። ከዚያ ባዶውን በር እያየ ቀጠለ፣ «ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ገዢ አልገባም። በሰው ፊት የሰደብከኝን እዚህ ጓዳ ውስጥ ብትክሰኝ ምን ይረባኛል? ያላ፣ እንሂድ።»

ካፌው ሞልቷል። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በዓረብኛ ተናገርኩ። ዕቃው ደህና ነው፤ ሳላነብ የቸኮልኩት እኔ ነኝ፤ ይህ ሰው ሌባ አይደለም። ከካርታ ተጫዋቾቹ አንዱ፣ አንድ ሽማግሌ፣ ቀና ብሎ አየኝ።

«አንተስ ቆመህ ተናገርክ» አለኝ። «እናትህ ትናንት እዚሁ እሱ እግር ሥር ተንበርክካ ነው ይቅርታ የለመነችልህ።»

ትናንት ማታ ከእናቴ ጋር አብረን ራት በልተን ነበር። አንዲት ቃል አልነገረችኝም።