ከጉና የሚወርዱ ጾሞች

ባሕረ ሐሳብን ጣራ ላይ ተቀምጦ የተማረ ሰው ከእኔ ሌላ ካለ ይምጣና እንተያይ። ጾሙና በዓሉ በየትኛው ቀን እንደሚውል የሚቆጠርበት ትምህርት ነው። እኔ ቄስም ዲያቆንም አይደለሁም፤ ሣር ቤት ከዳኝ ነበርሁ። እኔ በከደንሁት ቤት ዝናብ የነካው ሰው በደብረ ታቦር ዙሪያ አይገኝም።

ንጉሡ ደብረ ታቦር ላይ በሰፈሩበት ዘመን የአንድ መምህር ቤት ስከድን ሦስት ሳምንት ቆየሁ። መምህሩ ከሥር ያስተምራሉ፤ እኔ ከላይ ሣር እያሰርሁ እሰማለሁ። ተማሪዎቹ ቃሉን ያንበለብሉታል። እኔ ግን ጠዋት የሰማሁት ቀትር ላይ የለም።

አንድ ቀን የጉና ተራራ ደመናውን ገለጠ። ውኃው ከራሱ ላይ ተለያይቶ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ሲወርድ አየሁና በደስታ ከጣራው ልወድቅ ነበር። ቁጥሩ ሁሉ የሚነሣበትን መጥቅዕን በልቤ ጉና ራስ ላይ አስቀመጥሁት። መጥቅዕ በመስከረም ሲውል ውኃው በጥር ሸለቆ ይወርዳል፤ በጥቅምት ሲውል በየካቲት። የመጀመሪያው መሻገሪያ የነነዌ ጾም ነው፤ ሁለት ሳምንት ዝቅ ሲሉ ዐቢይ ጾም፣ ከዚያ ሆሣዕና፣ ከዚያ ፋሲካ። ይህን ሁሉ በከሰል ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሣልሁት። ተማሪዎቹ መሐል ላይ ሲጠየቁ ከመጀመሪያው ካልተነሡ አይሆንላቸውም፤ እኔ ደስ ካለኝ መሻገሪያ ዘው እላለሁ።

በዚያው ዓመት ገሳይ አጠገብ ልጅ ታጨችልኝ። በኅዳር አማቾቼን ልጠይቅ ብሄድ ሠርጉ የካቲት አጋማሽ ሆኗል አሉኝ። ቀኑን የቆጠሩት የልጅቱ አጎት መሪጌታው ናቸው። እኔም በልቤ ወንዜን ተከትዬ ብወርድ ዐቢይ ጾም መሐል ገባሁ።

«አባቴ፣ ያን ጊዜ በሬ ካረድን በጾም ሥጋ ልንበላ ነው» አልሁ።

መሪጌታው ሣቁ። «ሣሩን ጨረስህና ወደ ጾሙ ወጣህ?»

የልጅቱ አባት ግን አልሣቁም። «ወንድሜን በቤቴ አዋርደህ ከተሳሳትህ ልጄን እርሳት» አሉኝ።

ልጅቱ ከጓዳ በር ቆማለች። ከምድጃው ከሰል አነሣሁና ግድግዳው ላይ ጉናን ሣልሁ፤ የጥሩ ሸለቆ የቱ፣ የየካቲቱ የቱ እንደሆነም አሳየኋቸው።

«ውይ! ለሠርጉ የለቀለቅሁትን!» ብለው እናትየው ጮኹ።

«መሪጌታ፣ የዘንድሮው መጥቅዕ በየትኛው ወር ዋለ?»

«በመስከረም ነዋ!»

«ታዲያ በየትኛው ሸለቆ ወረዱ?»

መሪጌታው ግድግዳውን ትኩር ብለው አዩ። ከዚያ ጣታቸውን የካቲት ሸለቆ ላይ አድርገው ከመጀመሪያው ተነሥተው በከንፈራቸው ያነበንቡ ጀመር። ነነዌ ላይ ሲደርሱ ከንፈራቸው ቆመ። ጣታቸውን ከየካቲት ሸለቆ አንሥተው ጥር ላይ አኖሩ።

«ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ይሁን» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

አባትየው መጀመሪያ ወንድማቸውን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። «እንግዲያ ጌሾው ቶሎ ይወቀጥ!»

በዚያ እሑድ ተጋባን። በሬውን በፍስክ በላነው፤ ከሁሉ የበለጠ የበሉትም መሪጌታው ናቸው።

አማቴ ያንን ቤት በየዓመቱ ሲለቀልቁ ጉናን ዙሪያውን ብቻ እየለቀለቁ ያልፉታል። መሪጌታው የሰው ሠርግ ሊቆጥሩ ሲሹ ወንድማቸውን ሊጠይቁ ብቅ እያሉ ፊታቸውን ወደዚያ ግድግዳ አድርገው ይቀመጣሉ አሉ። እኔ ስገባ ግን ቀና ብለው ጣራውን ያያሉ። ጣራውንም የከደንሁት እኔ ነኝ።