የዘበኛው ፊት

ሰመራ ከተማ የፊልም ታሪክ ሳስተምር እንደኔ የሚመጻደቅ አልነበረም። ሲኒማ ገና ድምፅ ሳያወጣ "ጥበብ ነው፣ አይደለም" ብለው የተከራከሩትን ሰዎች ሐሳብ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ይዤዋለሁ። ካሜራ ያየውን ቢገለብጥ ምኑ ጥበብ ነው? ጥበቡ አንዱን ምስል ከሌላው መቀጠሉ ላይ ነው እል ነበር። አንድን ዝም ያለ ፊት ከምግብ ጋር ብትቀጥለው የራበው ይመስላል፣ ከሬሳ ጋር ብትቀጥለው ያዘነ። ተማሪዎቼ አላመኑኝም።

ላሳያቸው ተነሣሁ። የግቢያችን ዘበኛ አፋር ሽማግሌ ናቸው፤ ጥቂት ግመሎቻቸውን ሰርዶ አካባቢ ወንድማቸው ይጠብቅላቸዋል። በሩ አጠገብ ጥላ ሥር ተቀምጠው ወደ ሎጊያ የሚያልፉትን ከባድ መኪኖች ሲያዩ ፊታቸውን በስልኬ ቀረጽኩ። ፈቅደውልኛል፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኳቸውም። ቀጥዬ አስፋልት ዳር ሞቶ ያገኘሁትን የሌላ ሰው ግመል ምስል ለጠፍኩበት። ክፍል ውስጥ ሳሳየው አንዷ ተማሪ አለቀሰች። እኔ ደስ አለኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ከተማሪዎቹ አንዱ ፊልሙን ለዘመዱ ላከው። አፋር ዘንድ ወሬ የሚሄደው በዳጉ ነው፤ መንገድ ላይ የተገናኙ ሰዎች ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ። በዳጉ የሚዋሽ ከሰው አይቆጠርም። በሦስተኛው ቀን የሽማግሌው ዘመዶች ከአሳይታ መጡ፤ ግመል ላለቀበት ሰው መቋቋሚያ የሚሆን ፍየል በአይሱዙ ጭነዋል።

ሽማግሌው በሐፍረት ፍየሎቹን መለሱ። "መምህር፣ እኔ አልዋሸሁም፤ አንተ ግን ፊቴን ወስደህ ዋሸህበት" አሉኝ። ይቅርታ ጠይቄ ጥበብ መሆኑን ላስረዳ ሞከርኩ።

"ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ጥበብ አልፈልግም።"

በዓመቱ ዝናቡ ቀረና ግመሎቹ እውነትም አለቁ። ሽማግሌው አሳይታ መልእክት ላኩ፤ ማንም አልመጣም። "ያ ፊልም ነው" ተባለ። ጥፋቱ የኔ ነውና እኔው አሳይታ ሄጄ የአሁኑ እውነት መሆኑን ለዘመዶቻቸው ማልኩላቸው። "የዋሸኸን አንተው አይደለህም እንዴ?" ብለው ሻይ ጋብዘው ሸኙኝ።

ስመለስ ሽማግሌው እዚያው ጥላ ሥር ተቀምጠው መኪኖቹን ያያሉ። ሐዘናቸውን ፊታቸው ላይ ፈለግሁት። ያው ያኔ የቀረጽኩት ፊት ነው፤ ምንም አልተጨመረበትም። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"ምን አሉ?" አሉኝ።

በዳጉ አይዋሽምና የሰማሁትን አንድ በአንድ ነገርኳቸው።